ቁልፉን ያልሰጠሁበት ምክንያት

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለልዑልሰገድ፣ ጆሃንስበርግ።

ልዑሌ፣ እንደምን አለህ? ወገብህስ፣ ያ ብርድ ሲመጣ የሚነሳብህ ሳልስ እንዴት ነው? ባለቤትህ ሶሲስ በርትታለች? ሚኪያስ ቁመቱ የት ደረሰ? ትንሿ ሉሊትስ መራመድ ጀመረች? ሱቁስ ሰላም ነው፣ ሰፈሩስ ረጋ ወይ? ስለ አገሩ አንድ ክፉ ወሬ በሰማን ቁጥር እማዬ እህል አይወርድላትም። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። «ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብኝም» ብዬ እንዳልጽፍልህ ደግሞ ንዴትም አለብኝ፤ ከወዲሁ ብታውቀው ይሻላል ብዬ ነው።

ደብዳቤ የጻፍኩልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። በስልክ ስነግርህ ግማሹን ሳትሰማ ትቆጣለህ፣ ከዚያ «መስመሩ አስቸገረ» ትላለህ። ወረቀት አይቋረጥም። ጎረቤትህ ራህመቶ ዘመዶቹን ሊጠይቅ መጥቶ ሐሙስ ወደዚያው ስለሚመለስ በእጅህ እንዲሰጥህ፣ አንብበህ እስክትጨርስም ከፊትህ እንዳይነሳ አደራ ብዬዋለሁ። ስለዚህ ሻይ አቅርብለት።

ስለ መኪናው ልጀምር። አይሱዙው ከጥቅምት ጀምሮ፣ ሽንኩርት ጭኜ ከቡልቡላ ስመለስ፣ ቆቃን አልፌ ወደ ሞጆ ሽቅብ ስይዝ ይሞቅብኝ ጀመር። ሜዳ ላይ ደህና ነው፣ ባዶውንም ደህና ነው፤ ጭነትና ዳገት ሲገናኙበት ግን ውሃውን አፍልቶ ይተፋዋል። ጥር አጋማሽ ላይ ጋሽ ኃይለየሱስ ጋራዥ አስገባሁት። የአባታችን ማኅበርተኛ ነበሩና እንደ ቤተሰብ ነው የማያቸው፤ አዳማ ውስጥ ደግሞ ስለ ሞተር እሳቸው ከተናገሩ ሌላ ሰው አይናገርም።

የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውሃው ሲንተከተክ አዩ፣ ሞተሩን ለአንድ አፍታ አዳመጡ፣ ከዚያ በሠራተኞቻቸው ሁሉ ፊት «የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ተሰንጥቋል፤ ይሄ ሞተር አብቅቶለታል» አሉ። ውሃው ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ እንደሆነ የዘይቱን መለኪያ መዘው እንኳ አላዩም። እኔ መዝዤ አየሁት። ዘይቱ እንደነበረ ነው፣ አልነጣም፤ ጭሱም ነጭ አይደለም። ይህንኑ ብነግራቸው «እኔ ሞተር መፍታት ስጀምር አንቺ አልተወለድሽም» ብለው ሳቁ፣ ሠራተኞቹም አጀቧቸው። አጭበርባሪ ናቸው አልልህም፣ ኃጢአት ይሆንብኛል። በሰው ፊት አንዴ ያወጡትን ቃል መልሰው መዋጥ ግን አያውቁበትም።

ይሄ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከእኔ ጋር የጀመሩትን ከእኔ ጋር እንደመጨረስ ላንተ ደወሉ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። መኪናው በሁለታችን ስም እንደሆነ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የነዳሁትም እኔ እንደሆንኩ እያወቁ፣ ሞተሩ ማለቁንና መኪናውን እንዳለ የሚገዛ ሰው እንዳላቸው ነገሩህ። አንተም አመንካቸው። እኔን አንድ ጥያቄ ሳትጠይቅ «ቁልፉን ለጋሽ ኃይለየሱስ ስጪና ይሸጥ፤ መኪና ሴት እጅ ሲገባ መጨረሻው ይሄው ነው» የሚል የድምፅ መልእክት ላክህ። እትዬ ማለትህም ቀረ።

ቁልፉን አልሰጠሁም። በማግስቱ ጠዋት ጋራዡ ሄጄ፣ ሞተሩን አስነስቼ፣ ራሴው እየነዳሁ ከግቢያቸው ወጣሁ። ሞተ የተባለው ሞተር ዘበኛው በሩን እስኪከፍት ድረስ ሳይጠፋ ጠበቀ። ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ «ክዳን ተከፈተለት እንጂ ምርመራ አልተደረገለትም» አልኩ። ወሬው ከተማውን ዞሮ ጋሽ ኃይለየሱስ ጆሮ ገባ፤ ክፉኛ ተቆጡ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ጊዜ ሞተሩን ምን እንደያዘው እኔም አላውቅም ነበር። እልህ እንጂ እውቀት አልነበረኝም። ሽንኩርታቸውን የምጭንላቸው ገበሬዎች ሌላ መኪና እንዲፈልጉ ልነግራቸው በአውቶቡስ ቡልቡላ ወረድኩ። እዚያ ሁልጊዜ የማርፈው ዱሬቲ የምትባል ሴት ሻይ ቤት ነው። ራዲያተሩ በትንሹ ስለሚያንጠባጥብ በየጉዞው የምሞላውም ከእሷ በርሜል እየቀዳሁ ነው። ስገባ ዱሬቲ የሻይ በራዷን አጋድማ ውስጡን በቢላ ትፍቃለች፤ እንደ ኖራ ያለ ነጭ ቅርፊት እየተሰበረ ይወድቃል። ምንድን ነው ብላት «የኛ ውሃ ነዋ! በየሁለት ሳምንቱ ካልፋቅኩት በራዱ ይደፈናል። ሳይፈላ ለሚጠጣውማ ከሌላ ቦታ ነው የምናስመጣው» አለችኝ።

ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ያ ውሃ ዓመት ከመንፈቅ በእኔ ራዲያተር ውስጥ ሲፈላ ከርሟል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁ ውሃውን ዘንግቼዋለሁ። ይህን አልደብቅህም። ውሃውን የቀዳሁትም የሞላሁትም እኔ ነኝ፤ በዚህ ብትቆጣኝ ኖሮ አንገቴን ደፍቼ እሰማህ ነበር።

አዳማ ውስጥ ሁለት ባለሙያ ጋ ሄድኩ። ሁለቱም «እሳቸው ካዩት እኛ ምን እንጨምራለን» አሉኝ። እኔና ረዳቴ ጀቤሳ ራዲያተሩን ራሳችን ፈታነው፤ በማዳበሪያ ጠቅልዬ፣ በአውቶቡስ ታቅፌው ሻሸመኔ ወሰድኩት። አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ የታመመ ልጅ መስሏቸው «እግዚአብሔር ይማርልሽ» ብለው የመስኮቱን ወንበር ለቀቁልኝ። እኔም አሜን አልኩ። ማናሴ የሚባል ራዲያተር በያጅ ላይና ታቹን ከፍቶ ወደ ፀሐይ አዞረና አሳየኝ፤ ከቱቦዎቹ ከግማሽ በላይ በነጭ ድንጋይ ተደፍነዋል። ቀኑን ሙሉ በቀጭን ዘንግ አንድ በአንድ ጠረጋቸው፣ የሚያንጠባጥበውንም በየደልኝ። ሞተሩ ምንም አልሆነም፣ የሚያቀዘቅዘው ውሃ አልደረሰውም እንጂ አለኝ።

ራዲያተሩን መልሰን በገጠምን ማግስት ጋሽ ኃይለየሱስ ሽማግሌ ላኩብኝ። ስማቸውን አጥፍተሻልና ይቅርታ ጠይቂ፣ የወንድምሽንም ቃል አክብረሽ ቁልፉን አስረክቢ ነው ነገሩ። የመጡት ሐጂ ዛኪርና አቶ ምልኬሳ ናቸው፤ ሰፈሩን ሙሉ ያስታረቁ፣ እምቢ የማይባሉ ሰዎች። እኔም እምቢ አላልኩም። «ሽምግልናውን በደስታ እቀበላለሁ፣ የምንቀመጠው ግን መኪናው ውስጥ ነው» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ቅዳሜ ጠዋት ለኢተያ የሚሄድ ሲሚንቶ እስከ አፍ ገደፉ አስጭኜ፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች ጋቢና አስቀምጬ የአሰላን መንገድ ያዝኩ።

እስከ መልካሳ ሐጂ ዛኪር ስለ ትዕግሥት መከሩኝ። ዴራን አልፈን ዳገቱ ሲጀምር ምክሩ ቆመ፤ የሦስታችንም ዓይን የሙቀት ጌጁ ላይ ነበር። አቶ ምልኬሳ የበሩን እጀታ ሙጭጭ አድርገው «ሱታ ኢንተላ ኮ፣ ቀስ በይ ልጄ» ይሉኛል፤ እኔ ግን ሆን ብዬ እግሬን አላነሳሁም። ቀስ ብዬማ ከወጣሁ ምን ማስረጃ ይሆናል? ልዑሌ፣ ፈርቼ ነበር። መርፌዋ ግማሽ ደረሰች፣ ጥቂት አለፍ አለች፣ እዚያው ረጋች። ኢተያ ገብተን ሞተሩን ሳላጠፋ ቆምኩ። ሐጂ ዛኪር ወርደው ከታች ጎንበስ ብለው አዩ፤ አንድ ጠብታ አልወጣም። «ሽምግልናው እንዳለ ነው፤ ይቅርታ የሚጠይቀው ሰው ነው የተለወጠው» አሉ።

ከሰዓት በኋላ በቀጥታ ጋራዡ ወሰዱኝ። ጋሽ ኃይለየሱስ መጀመሪያ «ራዲያተርም ሊሆን ይችላል ብያት ነበር» አሉ፤ ያኔ ግን እንዲህ አላሉም። ቀጥለው «አጥፍቼ ከሆነ ይቅርታ» አሉ። አቶ ምልኬሳም «ከሆነ» የሚለው ይውጣ አሉ። ወጣ። በዚያው በሳቁብኝ ሰዎች ፊት በሙሉ ቃላቸው ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔም ስላስወራሁባቸው ይቅርታ ጠየቅኋቸው፣ ተሳሳምን። እሳቸውን ከልቤ ይቅር ብያለሁ።

አንተን ግን ገና ነኝ። እሳቸው የተሳሳቱት ስለ ሞተር ነው፤ ዳገት ወጥቼ አሳየኋቸው። ላንተ የምወጣው ዳገት የለኝም። ስድስት ዓመት በዝናብ በፀሐይ የነዳሁት ካልበቃህ ሌላ ምስክር አላመጣልህም። መኪናው አይሸጥም፣ ቁልፉም እኔ ጋ ይቆያል። ነገ ቡልቡላ እጭናለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያን የድምፅ መልእክት የላክኸው በእማዬ ስልክ ነበር። እሷ መክፈት እንደማትችል ታውቃለህ፤ የከፈትኩላት እኔ ነኝ፣ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ምን እንዳለበት ሳላውቅ። ድምፅህን ስትሰማ ፊቷ በርቶ ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ከዚያ «አባቱ ከሞተ ወዲህ እሱስ ያደገው በማን እጅ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ላንተ አቆይቼዋለሁ። ልጇ አንተ ነህ፣ ደውለህ አንተው ንገራት።

ሶሲን አጥብቀህ ሳምልኝ፤ የላከችልኝ የፀሐይ መነጽር ዓይኔን ከመንገዱ አቧራ አድኖልኛል። ሚኪያስን አክስትህ መጥተህ ጋቢና እስክትቀመጥ ትጠብቅሃለች በልልኝ። ሉሊትን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ጀቤሳ ሰላም ብሎሃል። እማዬም ጉልበቷ እየተሻላት ነው፣ በየማለዳው ስምህን እየጠራች ትጸልያለች። እኔም ተቆጥቼህ እንኳ እወድሃለሁ፤ ባልወድህ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ታላቅ እህትህ፣ የአይሱዙው ሾፌር
ዘመናይ

አዳማ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.