ከሁለተኛው ረድፍ አጨብጫቢዎ ለተከበሩ ተወካያችን

ለተከበሩ የክልላችን ምክር ቤት አባል፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል ስል በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኛ የመረጥንዎ የሰፈር ሰዎች ጤና የምናገኝበት ቤት ተቆልፎ ስለከረመ፣ ያለችንን ጥቂት ጤና ሳንሰስት ለእርስዎ እንመኛለን። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና ሾፌርዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ መኪናዎ እንኳ አልሠጋም፤ ባለፈው ሳምንት አቧራዋን አልብሳን ስታልፍ ፍጹም ጤነኛ መሆኗን በዓይኔ አይቻለሁ።

ስሜን ባያውቁትም መልኬ አይጠፋዎትም። በሥራዬ ገበያው መግቢያ ላይ ቁልፍ የምቀርጽና ጓጉንቸር የምሸጥ ሰው ነኝ። በስብሰባዎችዎ ላይ ግን ከሁለተኛው ረድፍ፣ ከመተላለፊያው ዳር ተቀምጦ ጭብጨባ የሚጀምረው መላጣ እኔ ነኝ። ሰፈሩም «አስጀማሪው» ይለኛል። ባለቤቴ ሌላም ስም አውጥታልኛለች፤ በደብዳቤ አይጻፍም እንጂ።

የዚህ ሹመቴ አመጣጥ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው የምርጫ ዘመቻዎ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ንግግርዎ ረዝሞ ግማሹ ሰው ሲያንጎላጅ፣ አንዲት ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ካላረፍኩ ብላ አስቸገረችኝ። ታግሼ ታግሼ በሁለት እጄ ጧ አድርጌ ሰነዘርኩባት። እርስዎ በዚያችው ቅጽበት «ጤና ጣቢያ እንሠራለን» ብለው ኖሯል። ከጎኔ ያለው አጨበጨበ፣ ከኋላዬ ያሉት ተከተሉ፣ አዳራሹ ተናወጠ። እርስዎም ስሜትዎ ተነክቶ መነጽርዎን አወለቁና ዓይንዎን ጠረጉ። ዝንቧ አመለጠች፣ እኔ ተያዝኩ። ስብሰባው ሲያበቃ ረዳትዎ እጄን ጨብጦ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ያቺ ወንበር የእርስዎ ናት» አለኝ። ከዚያ ወዲያ መነጽርዎ በወለቀ ቁጥር እጄ እኔን ሳያማክር ይነሳል።

እነሆ ለአምስተኛ ጊዜ ሊወዳደሩ ነውና፣ የሥራ ታሪክዎን ከእኔ ይልቅ በቅርብ ያየ ሰው ስለሌለ፣ ምስጋናዬንና ጥቃቅን ቅሬታዎቼን በቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ወደ ፖለቲካ ከመግባትዎ በፊት የአውቶቡስ መናኸሪያ አስተዋዋቂ እንደነበሩ ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እኔ አልረሳሁም። በዚያ በሚያምር ድምፅዎ «አውቶቡሱ አሁን ይደርሳል» ሲሉን፣ ሻንጣችን ላይ ተቀምጠን በሙሉ ልብ እንጠብቅ ነበር። አውቶቡሱ ባይመጣም ድምፅዎ ስለሚያጽናና ያኮረፈብዎ አልነበረም። እንግዲህ ያኔ አንዴ የተታለለ ሰው በሁለተኛው ይነቃል ቢባልም፣ እኔ ያንኑ ድምፅ በመድረክ ላይ ስሰማ ሻንጣዬን ይዤ መጣሁ። በመጀመሪያው የምክር ቤት ዘመንዎ አንድ ጊዜ ብቻ እጅዎን አውጥተው ተናገሩ፤ የተናገሩትም «ማይክሮፎኑ አይሰማም» የሚል ነበር። እኛ በሬዲዮ ጥርት ብሎ ሰምተንዎታል። እኔም ሱቄ ለመጣ ሰው ሁሉ፣ ሌላው ዝም ብሎ ሲለፈልፍ የእኛ ሰው ግን የሕዝብ ድምፅ እንዲሰማ ጠየቀ እያልኩ አብራራሁ። እንዲህ ያለ ማብራሪያ ሰጪ ከየት ይገኛል?

ሁለተኛ፦ በሁለተኛው ምርጫ ተቀናቃኝዎ በዋዜማው ራሱን አገለለና በሳምንቱ አማካሪዎ ሆነ። እርስዎም ያለ ተወዳዳሪ አሸንፈው «ከባድ ትግል ነበር» አሉን። አጨበጨብኩ። ያን ዕለት እንዲያውም ቆሜ ነው ያጨበጨብኩት፤ የቆምኩት ወንበሩ ላይ ሚስማር ስለነበረ ቢሆንም፣ ሕዝቡ አብሮኝ ስለተነሳ ታሪክ ሆኖ ቀርቷል።

ሦስተኛ፦ በሦስተኛው ምርጫ ተሸነፉ። አለቀስኩ። ነገር ግን ከእነዚያ ዓመታት በላይ ያገለገሉን ጊዜ የለም። መኪናው ስለተወሰደብዎ በእግርዎ ይሄዱ ነበርና የመንገዳችንን ጭቃ አወቁት፤ ቧንቧው ደረቀ ሲባል ጀሪካን ይዘው ከእኛ ጋር ተሰለፉ፤ አንድ ቀንም ሱቄ ገብተው ሰላም ብለውኝ፣ ቁልፍ አስቀርጸው ሄዱ። እኛም ጉድ ነው፤ አዘንንልዎና መልሰን መረጥንዎ። ከዚያ ወዲያ በእግርዎ ያየንዎ የለም። በአራተኛው ምርጫ የተወዳደሩት ባሸነፈዎት ሰው ፓርቲ ስም መሆኑን አንዳንድ ክፉ ሰዎች ያነሳሉ። እኔ ግን «እርሱ ፓርቲውን አልቀየረም፤ ፓርቲው ነው የተሻሻለው» ብዬ ተከራክሬ፣ በክርክሩ ከአማቼ ጋር እስከ ዛሬ ተኳርፌያለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ በየምርጫው ወረቀቱን ይዤ ስሰለፍ ሁለቱም በአንድ ላይ ተሰልፈው ነበር።

አራተኛ፦ የጤና ጣቢያው ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብረዝም ይታገሱኝ፤ እኔ ስንቱን ንግግር ታግሻለሁ።

በሁለተኛው ምርጫ የመሠረት ድንጋይ አኖሩ። አጨበጨብኩ። በሦስተኛው ጣሪያውን መረቁ። አጨበጨብኩ። በአራተኛው እንዳሸነፉ ሪባን ቆረጡ፤ በግድግዳው ላይም «ሃያ አራት ሰዓት አገልግሎት እንሰጣለን» የሚል በትልቁ ተጽፎ ነበርና እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ሥነ ሥርዓቱ አልቆ ሰው ሲበተን፣ ረዳትዎ ለበሩ መቆለፊያ እንዳልተገዛ ትዝ አለው። እኔ ምን የመሰለ ሰው! ሱቄ ድረስ ሮጬ ካሉኝ ሁሉ ትልቁንና የማይበገረውን ጓጉንቸር አምጥቼ በእጄ ቆለፍኩት። ሒሳቡን ሊከፍሉኝ ሲሉ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ እምቢ አልኩ። ቁልፎቹን ረዳትዎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ ለታማሚ አልተከፈተም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። እኔ ግን ላሚቱን በነጻ የቆለፍኩላት ሰው ነኝ።

ባለፈው ክረምት ትልቋ ልጄ ምጥ ያዛት። ባሏ ጎረቤት ያለውን የወተት አከፋፋይ ለምኖ በጭነት መኪናው ጫናት። አከፋፋዩ የግድግዳውን ጽሑፍ አምኖ መጀመሪያ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመ። ወርዶ በሩን ደበደበ፣ ጓጉንቸሩን በድንጋይ መታ። ጥሩ ጓጉንቸር ነው፤ ሠሪው ይመስገን፣ አልተበገረም። ከተማው ሆስፒታል ሲደርሱ ሕፃኑ ሕይወቱ አልፏል። ወንድ ነበር። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ነበር። ይህን በቀልድ የምጽፍበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ፤ ስለዚህ እንዲሁ ጻፍኩት።

ከዚህ በኋላ ሰው ይማራል ብለው ያስቡ ይሆናል። ለእኔ ያለዎት ግምት ከፍ ያለ ነው ማለት ነው። ኀዘኔን ውጬ፣ ጥፋቱን የአብዬን ወደ እምዬ እያልኩ በመንገዱና በዝናቡ ላይ አላክኬ፣ ባለፈው ሳምንት ስብሰባዎ ሲጠራ ያችኑ ወንበሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ልጄ ከኋላ እንደነበረች አላየሁም። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ተነስታ፣ በማይንቀጠቀጥ ድምፅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤

«የጤና ጣቢያው ቁልፍ በማን እጅ ነው?»

እርስዎ ላብ ላብ ብሎዎት መነጽርዎን አወለቁ። ቀሪውን ያውቁታል። እጄ ተነሳ፤ አጨበጨብኩ፤ ሕዝቡ ተከተለኝ። ጭብጨባው ሲያባራ መድረክ መሪው «ስለ ጥሩ አስተያየቷ እናመሰግናለን» ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ፤ ልጄም ቆማ ቀረች።

ማታ ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «አባዬ፣ አንተ ባታጨበጭብ ኖሮ ሊመልስልኝ ነበር» አለችኝና በሩን ዘጋች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የተከበሩ ሆይ፣ አፈርኩ። አንድ እጅ አያጨበጭብም ይላሉ፤ የእኔ ግን ሁለቱም ነበሩበት፣ የማመካኝበት የለኝም።

በማግስቱ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተማው ጤና ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ሰው አክባሪ ናቸው፣ ወንበር ሰጡኝ። ሲያስረዱኝም አልጋውና ዕቃው ገብቶ ካደረ ቆይቷል፣ አዋላጅ ነርስም ተመድባ ቦታ ስለሌላት እዚሁ ከእኛ ጋር ተቀምጣ ትውላለች አሉኝ። ታዲያ ለምን አልተከፈተም ብል፣ ዋናው ምረቃ ስላልተካሄደ ሕንፃውን አላስረከቡንም፤ ምረቃው ለዘንድሮው ምርጫ ዋዜማ ተይዟል ብለው አንገታቸውን ደፉ። እኔም የልጅ ልጄ ትንሽ ቸኩሎ እንደመጣ ገባኝ። የምርጫውን መርሐ ግብር ማን ነግሮት።

ሰብሮ መግባት ወንጀል መሆኑን ጠንቅቄ ስለማውቅ ምንም አልሰበርኩም። መክፈት ግን እንጀራዬ ነው። ትናንት ጠዋት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የጤና ቢሮው ኃላፊና የሰፈሩ ሽማግሌዎች በተገኙበት፣ የገዛ ጓጉንቸሬን ከፈትኩ። የሰፈራችን ፖሊስም አብሮን ነበር፤ ሕግ እንዳይጣስ በቅርብ ሆኖ መሣሪያዬን እያቀበለ ተቆጣጥሮናል። ሚስቱ ወሯ ገብቷል።

ውስጡን ሲያዩት ደስ ይላል። የስብሰባ ወንበሮችዎ ተደራርበው እስከ ጣሪያ ደርሰዋል። ድምፅ ማጉያዎችዎ አሉ። ከሁለቱም ፓርቲዎችዎ የተረፉ ባነሮች ሳይጣሉ አብረው ተጠቅልለዋል፤ እንዲህ ያለ መቻቻል የትም አላየሁም። የማዋለጃው አልጋ መሐል ላይ ነው፤ ፕላስቲኩ አልተቀደደም፣ በላዩ ላይ ግን ፈገግ ያሉበት ፎቶግራፍዎ ተቆልሎበታል። ልጄ ገብታ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አንስታ መሬት አስቀመጠች። ፕላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችው። አልጋውን ወደ መስኮቱ ልታስጠጋ ብትሞክር ከበዳት። ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያች ማታ ወዲህ ቃል አልተነፈሰችልኝም ነበር።

«ያንን ጫፍ ያዝልኝ» አለችኝ።

ያዝኩ። በዚህ ዕድሜዬ እጄ ለምን እንደሚያገለግለኝ ያሳየችኝ ልጄ ናት። ይቅር ብላኛለች አልልም፤ አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አልጋው ግን መስኮቱ አጠገብ ነው። አዋላጇም ዛሬ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ መጥታለች።

ስለዚህ ከሁለተኛው ረድፍ ኃላፊነቴ በገዛ ፈቃዴ መልቀቄን በአክብሮት አስታውቃለሁ። ምትክ ሲፈልጉ ሰው እንዳይቸግርዎ፤ ዝንብ የበዛበት አዳራሽ ይምረጡ። የቅዳሜው ስብሰባዎ ደግሞ ያለ ወንበር እንደሚሆን ከወዲሁ ይወቁልን፤ ነፍሰ ጡሮች ተቀምጠውባቸዋል፤ ተነሱ ብሎ የሚነግራቸው ደፋር ከረዳቶችዎ መካከል ካለ ይላኩት። ልጄም በስብሰባው ላይ እዚያው ቦታዋ ላይ ቆማ ያንኑ ጥያቄ ልትጠይቅ አስባለች። በሩ ተከፍቷልና መልሱ አያስፈልገንም፤ ግን ጠይቃ ሳይመለስላት የቀረ ነገር ስለሆነ መስማት ትፈልጋለች። እኔም ከጎኗ እቆማለሁ፤ ዝም ማለትን እየተለማመድኩ ነው።

ያለፈውን ሁሉ ውለታዎን እያሰብኩ፣ ለመጪው ምርጫ ደግሞ እንደ ሦስተኛው ዓይነት ውጤትና እንደዚያ ዓይነት የእግር ጉዞ ከልብ እየተመኘሁ፣ በጥልቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የቀድሞ ጭብጨባ አስጀማሪዎ፣
የአሁኑ አልጋ ተሸካሚ፣
የገበያው መግቢያ ቁልፍ ቀራጭ

ሌላም ልጨምር፦ ሦስት ጊዜ ሊመርቁት የመጡበትን ቤት ለአራተኛ ጊዜ ሊመርቁ እንደሚመጡ ሰምተናል፤ ቤት ለእንግዳ፣ ይምጡ። ሪባኑን ግን ይተዉት፣ የሚያስረው ነገር የለም። መቀሱን አደራ እንዳይረሱት፤ አዋላጇ አንድ ይጎድላታልና ቀቅላ፣ ለእትብት መቁረጫ ልታደርገው ትፈልጋለች።