ጠርዟ የተላጠችው ሰማያዊ ኩባያ

ጥቅምት ፲፬፣ ጧት
ሻይ። ዳቦ። ዛሬም ጠርዟ የተላጠችው ሰማያዊ ኩባያ ለጓደኛዬ ለደምሴ። ሦስተኛ ቀኗ። አጋጣሚ ነው እንዳትለኝ ደብተሬ። የቤት አከራያችን እትዬ ብርቄ ምንም ነገር በአጋጣሚ አይሠሩም።

ጥቅምት ፲፮
ታጥባ የምትሰቀለውም ለብቻዋ ነው። የእኔ ኩባያ ጓዳ ውስጥ፣ የሱ ግን በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር! ደ. የሳንባ በሽታ ይዞት ይሆን? በዩኒቨርሲቲ ግቢ አንድ መኝታ ክፍል ኖረን፣ ለአገልግሎት ዓመታችን ቡታጅራ አብረን ተመድበን፣ እኔን ይደብቀኛል? ይስል እንደሆነ አዳምጣለሁ። አይስልም። ቢሆንም አልጋዬን ወደ መስኮቱ ገፋሁ። ለአየር ነው አልኩት።

ጥቅምት ፲፱
ት/ቤት። ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ቆሜ ግብረ ገብ አስተማርኩ፦ ሰው ሁሉ እኩል ነው።
ደ. ወደ ቆሼ ለመዛወር ማመልከቻ ጽፏል። ጠረጴዛው ላይ አየሁት። (ነውር ነው፣ አውቃለሁ።) ምክንያት፦ የግል ጉዳይ። ኤዲያ! ከእኔ የሚሸሽበት ምን የግል ጉዳይ አለው?

ጥቅምት ፳፣ ከሰዓት
እትዬ ብርቄን ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው። ምን በሽታ ብለው ሳቁብኝ። አንተው አይደለህ የነገርከኝ አሉ። እኔ!
ለካ በሩን ደ. የጠገነው ዕለት፣ ጓደኛዬን ላሞግስ ብዬ፣ አባቱ ምሰሶ አቋሚ ነው፣ በቡኢ ያለ እሱ ቤት አይቆምም ብያለሁ። እኔ የአዲስ አበባ ጸሐፊ ልጅ፣ ሙያ ያመሰገንኩ መስሎኝ። እዚህ ምሰሶ የሚያቆሙት ፉጋ የሚሏቸው ሰዎች ናቸው። ቤቱን ያቆማሉ፤ ከቆመ በኋላ ከባለቤቶቹ ጋር አይበሉም፣ በአንድ ዕቃ አይጠጡም። እትዬ ብርቄ ይህን የነገሩኝ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!
በዩኒቨርሲቲ ስብሰባ ላይ መድልዎ ይጥፋ ብዬ ድምፄ እስኪዘጋ የጮህኩት ሰውዬ አልጋዬን ገፍቻለሁ። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ጥቅምት ፳፩፣ ጧት
ደ. ሳይቀድመኝ ሰማያዊዋን አነሳሁና ሻዬን በሷ ጠጣሁ። እትዬ ብርቄ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ቀሩ። ወሬው ከእኔ እንደወጣ ለደ. ነገርኩት፣ ይቅርታ ጠየቅኩት። አውቃለሁ አለኝ። ማመልከቻውን ኪሱ ከቶ ወጣ። ሰጥቶት ይሆን?

ጥቅምት ፳፪
እትዬ ብርቄ በሩ አጠገብ አዲስ ሚስማር መትተዋል። ሁለት ኩባያ ተሰቅሏል። ሁለተኛው የእኔ ነው።
ደ. ሚስማሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከት ብሎ ሳቀ። ስንት ቀኑ! ማመልከቻው ግን አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው፤ ጫፉ ይታየኛል። እሑድ ቡኢ አባቱ ዘንድ አብሬው ልሂድ ብዬ ጠይቄዋለሁ። ቆይ ደብተሬ፣ መጀመሪያ አልጋዬን ወደ ቦታው ልመልስ። ደ. ሳልጠራው መጥቶ አንዱን ጫፍ ይዞ እየጠበቀኝ ነው።