ስሙን የሚያነሳ የጠፋለት መንገደኛ

ገዳሪፍ፣ ሰኔ 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለታምሬ፤

ይህ ደብዳቤ ባገኘህ ቦታ ሰላምታዬ ይድረስህ። የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። እማዬን ይዘህ ና ያልኩበት የፋሲካው ደብዳቤዬም ደርሶህ ይሆናል። እኛ ተመስገን ደህና ነን።

ማሽላ ተወዷል፤ የዙህራ ሻይ ቤት ግን በረመዳኑ ማታ ማታ ጢም ይላል። ለሰሊጥ አጨዳ የመጣን ጊዜ አብረን ያየነው የቴሌቪዥን ድራማ ትዝ ይልሃል? ዘንድሮ በአዲስ ተዋንያን እንደገና ሠርተውታል። ቤቱም ልብሱም አምሯል፤ ድርሰቱ ግን ላልቷል። በድሮው፣ ለንግድ የሄደው ወንድም በመጨረሻው ምሽት አቧራ ለብሶ ሲገባ አጨብጭበን ነበር። በአዲሱ ገና በሦስተኛው ክፍል ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ እራት ላይ እንኳ ስሙን የሚያነሳ የለም።

«ወላሂ፣ ተዋናዩ ደመወዝ አንሶት ጥሏቸው ሄዶ ነው» አለች ዙህራ።

«ታዲያ አንዳቸው እንኳ ‹የት ደረሰ?› ቢል ምን አለበት?» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ለቴሌቪዥኑ ጀርባሽን ሰጥተሽ ነው የምትፈርጂው?» ብላ ሰዉን ሁሉ አሳቀችብኝ።

እውነቷን ነው። ወንበሬን ወደ በሩ አዙሬ፣ ከድንበሩ ከገላባት የሚመጡት ሎሪዎች ሰው የሚያወርዱበትን እያየሁ፣ ድራማውን በጆሮዬ እከታተላለሁ።

የመጨረሻው ክፍል በዒድ ዋዜማ ነው። ዙህራ «ደራሲው ለመጨረሻ አስቀምጦት ነው፣ ይመጣል» ትላለች። እኔም ከጎኔ ሁለት ወንበር ይዣለሁ። የሚቀመጥ ሲመጣ «ሰው አለው» እላለሁ።

እመብርሃን መንገዳችሁን ታቅናላችሁ።

እህትህ ወርቅውሃ