ከኋላህ ባዶ መኪና ነበር

ይድረስ ለባለቤቴ ለሰብስቤ፣ ለጽጌ አባት፤

ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሁለተኛውን ክረምት ይዘናል። እንደ ደንቡ «ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ማለት ነበረብኝ፤ አልልህም። ናፍቆቱ አለ፤ ከናፍቆቱ የሚበልጠው ግን ንዴቱ ነው። ዓመት ሙሉ በለቀስተኛ ፊት አልቅሼልሃለሁ። አሁን የምቆጣበት ጊዜ ነው። ይህን ወረቀት ሌላ ሰው አግኝቶ ቢያነበውም ያንብበው፤ እኔ የምደብቀው የለኝም፤ መደበቅ ያንተ ሙያ ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የሱቁ ቆርቆሮ በዚያው በኩል ያፈሳል፤ የመቱ ዝናብ እንደሆነ ያንተን ሞት አይቶ አልራራልንም። ብስክሌቶቹን የምታከራየውም የምትጠግነውም ጽጌ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ትወረውርና ቱታህን ታጠልቃለች፤ እጅጌው ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ አያልቅም። መጀመሪያ ጎረምሶቹ «ሴት ደግሞ ፍሬን ልትጠግን!» ብለው ሳቁ፤ አሁን ወረፋ ይይዛሉ። መሪ አጣሞ የመለሰላትን ደንበኛ «ግድ የለም» ስትል ስሰማ ግን እፈራለሁ። ያንተ አፍ ነዋ።

ያን የጎሬውን ምሳ ታስታውሰዋለህ? ገና እንደተጋባን ነው፤ ከኋላህ አስቀምጠኸኝ ዳገቱን እየገፋህ እናቴ ቤት ወሰድከኝ። እናቴ አንጮቴ የሚሉትን ሥር ቀቅላ በቅቤ አቀረበች። በልተኸው አታውቅም፤ አልጣመህም። እሷ ግን የወደድከው መስሏት «ኛዹ፣ ኛዹ»፣ ብላ ብላ እያለች ትጨምርልሃለች፤ አንተም ትበላለህ። ስንመለስ በየመታጠፊያው እየወረድክ አስመለስክ። እኔ ጀርባህን ደግፌ በሳቅ ሞትኩ። «አፍ የለህም? በቃኝ አትልም?» ብልህ፣ «ምን ይሉኛል ብዬ» አልከኝ። ያን ቀን ስቄበት ቤታችን ገባን።

ለተራበ አይሰጥ አላልኩም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። የወሎ ሰዎች ከድርቁ ለሰፈራ በአውቶቡስ ተጭነው በከተማችን ሲያልፉ በቆሎ ቀቅለን በመስኮት ያቀበልነው አብረን ነው። አንዷ እናት በቆሎውን ለልጇ ሰጥታ የራሷን ጣት ስትልስ አይተህ ሱቅ ገባህና በሩን ዘጋህ። ከጋምቤላ እስከ አዲስ አበባ በብስክሌት እየተጓዘ፣ በየከተማው በድርቅ ለተጎዳው ወገን እርዳታ የሚሰበስብ ቡድን ሲመረጥ፣ የመጀመሪያው አንተ መሆንህ ስለዚህ አልገረመኝም። እንዲያውም ኮራሁብህ። ስንቅህን የቋጠርኩት እኔ ነኝ።

ጋምቤላ ላይ ልምምድ ተብሎ ሰነበታችሁ። ወባው እዚያ ያዘህ። ያን ሁሉ ዳገት እስከ ጎሬ ድረስ እየተንቀጠቀጥክ እንደወጣኸው በኋላ የነገረኝ አብሮህ የነበረው የጎሬው መምህር ነው። «ብርድ ነው» ትለው ነበር አሉ። ከጋምቤላ ሙቀት የሚመጣ ምን ዓይነት ብርድ ነው?

መቱ ስትገቡ ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። ባንዲራው፣ ከበሮው፣ «በርቱ! ጀባዻ!» የሚለው ጩኸት። ውሃ ይዤ ተጠጋሁህ፤ እጅህን ስነካው እሳት ነው። ዓይንህ ቢጫ ሆኗል፤ ከንፈርህ ተሰነጣጥቋል። አላፈርኩም፣ እዚያው በሰው መሃል የቀበሌውን ሊቀመንበር «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ ሰው ታሟል፤ እዚሁ ይቅርልኝ» አልኩት። እሱም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዞሮ ጠየቀህ። አንተ ግን ሳቅህ። «ሚስት መቼም ስትሰጋ ነው የምትኖረው፤ ደህና ነኝ» አልክ። ሰው ሁሉ አብሮህ ሳቀ። በአገር ፊት ቀባጣሪ አደረግከኝ፣ ሰብስቤ! ከሁሉም ከሁሉም ይቅር ልልህ ያቃተኝ ይህንን ነው።

ከኋላችሁ መኪና ነበር። ድምፅ ማጉያ የተሰቀለበት፣ ለደከመ ሰው ተብሎ ጀርባው ባዶ የተተወ መኪና። ሹፌሩ ሁሩሙ ላይ በር ከፈተልህ፤ ያዮ ላይም ከፈተልህ። «ሕዝቡ በብስክሌት እየጠበቀን በመኪና ልግባ? በደሌ ስንደርስ አርፋለሁ» አልከው። ይህን ሲነግረኝ ሹፌሩ አለቀሰ፤ እኔ አላለቀስኩም፤ ጥርሴን ነከስኩ። በደሌ ገባህ። እልልታ ተቀበለህ። እጅህን አውለበለብክ። ከዚያ ከብስክሌቱ ወርደህ ገና ሳትራመድ ወደቅህ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ሐኪሙ «ጥቂት ቀን ቀደም ብላችሁ ብታመጡት ኖሮ» አለ። መቱ የመጣኸው በዚያው መኪና ነው፤ ተቀመጥበት ሲሉህ እምቢ ያልከው ጀርባው ላይ ተጋድመህ።

ቀብርህ ላይ «ሞትን የናቀ ጀግና» አሉህ። አንተ ሞትን ንቀህ ታውቃለህ? መርፌ ሲወጉህ ዓይንህን ጨፍነህ እጄን የምትጨብጥ ሰው! የፈራኸው የሰው ዓይን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይህን ተረት ለልጃችን ያስተማሩ ሰዎች ናቸው አንተ በመደበቅህ ያጨበጨቡልህ። ፎቶግራፍህንም ቀበሌው አዳራሽ ሰቀሉት። በየስብሰባው እዚያ ተቀምጬ ታየኛለህ፤ ትስቃለህ። ያው የዚያን ቀን ሳቅህ ነው።

ዘንድሮ ጉዞው ይደገም ተባለ። ሊቀመንበሩ ቤታችን ድረስ መጥቶ «የጀግናው ልጅ በአባቷ ቦታ ትሂድ» አለ። ጽጌ አንገቷን ደፍታ «እሺ» አለች። እሺ! ጭንቅላቴ ላይ ውሃ የደፉብኝ መሰለኝ። ሲወጣ ጠብቄ «ፈልገሽ ነው ወይስ አፍረሽ?» አልኳት። ቱታህን አጥልቃ ወደ ሱቅ ወጣች። መሞቱ አልበቃ ብሎት ያንኑ ደዌ ለልጁ አውርሷት ሄደ ብዬ ረገምኩህ። አዎ፣ ረግሜሃለሁ።

ተጓዦቹ በሚጸድቁበት ስብሰባ እጄን አወጣሁ። በዚህ ዘመን በስብሰባ እጅ የሚወጣው ለመስማማት እንደሆነ ታውቃለህ። «ባሌ ጀግና አልነበረም፤ በሽተኛ ነበር። አሞኛል ማለት አፍሮ ነው የሞተው። ልጄን አልሰጥም» አልኩ። ጎረቤታችን እትዬ ድንቅነሽ ቀሚሴን ይዘው ወደ ታች ይጎትቱኛል። ሊቀመንበሩ ፊቱ ጠቁሮ «ልጅቷ አፍ አላት፤ እሷ ትናገር» አለ።

ጽጌ ተነሳች። መጀመሪያ እግሯን ነበር የምታየው። ኋላ ቀና ብላ «እሄዳለሁ፤ የተራቡትን በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ከደከመኝ እወርዳለሁ፤ ካመመኝ አመመኝ እላለሁ። በዚህ ካልተስማማችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ» አለች። የሚያጨበጭብ ጠፋ። እኔም አላጨበጨብኩም፤ መሄዷን አልወደድኩትማ። ግን አፌን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ እኔ ስሄድ የቀበሌው ሱቅ ስኳር አልቋል ይለኛል፤ ለእትዬ ድንቅነሽ ግን አላለቀም። ይለቅ፤ ሻዩን መራራ እጠጣለሁ።

እሷ መቱን ስታልፍ እኔ በአውቶቡስ ቀድሜ በደሌ ገባሁ። አንተ የወደቅክበትን ቦታ ጠይቄ እዚያው ቆምኩ። ብስክሌተኞቹ እየተከታተሉ ገቡ፤ ጽጌ የለችም። ከዚያ መኪናው መጣ። ልጅህ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣለች፤ ብስክሌቷ ከኋላ ተጭኗል። ዳገቱ ላይ የእግሯ ጡንቻ ተኮማትሮባት «በቃኝ» ብላ መኪናው ላይ ወጥታ ኖሯል። በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ ምንም ሳይመስላት፣ ለሕዝቡ እጇን ታውለበልባለች። ማግስቱን ብስክሌቷን አውርዳ ቀጠለች፤ አዲስ አበባም በሰላም ገባች።

እኔ ግን እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ መስሏቸው አይዞሽ አሉኝ። በንዴት ነበር። እስክሞት አስታውስሃለሁ፤ ለልጅ ልጆቻችንም እነግራቸዋለሁ፤ በፎቶግራፉ ላይ እንደሚያወሩት ሳይሆን፣ ደግ ሰው ነበር፣ አሞት ነበር፣ አሞኛል ማለት ከበደው ብዬ። ያን ዕለት ያየሁትንም እነግራቸዋለሁ። ሕዝቡ ጽጌን በመኪናው መስኮት ሲያያት እልል አለ፣ የጽጌ አባት። ከመንገድ ዳር አንዲት አሮጊት ሮጠው በሩን ከፍተው ግንባሯን ሳሟት። ማንም ምንም አላላትም። ላንተም እልል ይሉልህ ነበር።

ባለቤትህ