ጀልባችንን በስልክ የሞከርንባት ቅዳሜ

ውድ ዴዝ፣

ተቀመጥና አንብብ። ጀልባችን እንደገና ልትነሳ ነው! አዎ፣ በእናትህ ጋራዥ ውስጥ የሠራናት ያቺው የቪዲዮ ጌም፤ አንዱ መሪ ይዞ ጀልባዋን ወደ ወደብ የሚነዳባት፣ ሌላው የሚገባውን ውሃ እየቀዳ የሚደፋባት። ሲድኒ ያለ አንድ ድርጅት እንደገና ላውጣት ብሎ ፕሪያ የምትባል ልጅ ወደ ኒውካስል ላከብኝ። ፈጣን፣ ሳቂታ ናት። አንተ ዳርዊን ከተማ ከገባህ ወዲህ እንደሷ የተከራከረኝ ሰው የለም።

"በስልክ ብቻ ነው የምትወጣው። ስልክ የሌለው ማን አለ?" አለችኝ።

ሆዴ አልወደደውም። "እንግዲያው እንሞክራት" ብዬ ቅዳሜ ከሰዓት ሣር ላይ ኳስ ወደምናንከባልልበት ወደ ቦውልስ ክለባችን ወሰድኳት። ለነዚያ ለሁለቱ ሽማግሌ ወዳጆቻችን፣ ለኬቭና ለስታቭሮስ፣ አንድ ስልክ ሰጠናቸው። ወዲያው ስክሪኑ በአውራ ጣት ተሸፈነ።

"ጣትህን አንሳ፣ ወደቡን ጋረድከው እኮ!" አለ ኬቭ።

"የኔን ነው? ያንተ አይደል እንዴ ቋሊማ የሚያክለው!"

ጀልባዋ ሰጠመች። ፕሪያ ግን አልተበገረችም። "ውሃውን ስልኩ ራሱ ይድፋው፤ ሰው ብቻውን ይጫወት" አለች። ስታቭሮስ ብቻውን ያዘና ያለ ምንም ችግር ወደብ ገባ። ከዚያ ቀና ብሎ ግራ ቀኙን አየ።

"ደረስኩ" አለ። "አሁን ማን ላይ ልፎክር?"

ፕሪያ ስልኩን ከእጁ ወሰደችው። እኔም ፈጠን ብዬ ሁለት መቆጣጠሪያ ያለውን መጫወቻ ከክለቡ ቲቪ ጋር ሰካሁት። ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋጉ። ዴዝ፣ ጩኸቱን በሰማህ!

"ድፋው! ድፋው እንጂ አንተ ሰነፍ!"

"አንተ መጀመሪያ ከድንጋዩ ራቅ!"

ቢራ ይዞ የቆመው ሁሉ መካሪ ሆነ። ወደቡ አፍ ላይ ሲሰጥሙ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ፕሪያ ብድግ ብላ፣ "ኬቭ፣ ተነስማ፤ እኔ ላሳይህ" ብላ መቆጣጠሪያውን ነጠቀችው። የሲድኒው ባቡር ጥሏት ሄደ፤ እሷም ትዝ አላላትም።

ማምሻውን ተስማማን። መጀመሪያ በቲቪ፣ እንዲሁም ሁለቱ እጀታዎቹ ተነቅለው ለሁለት ሰው በሚሆኑበት በእጅ በሚያዘው መጫወቻ ትወጣለች። ስልኩ ይቅር።

"ኮምፒውተርስ?" አለችኝ።

"በኮምፒውተር ሁለት ሰው ተራርቆም በኢንተርኔት እንዲጫወታት አድርጉልኝ" አልኳት።

"እንዲህ ያለውን ማን ጠየቀ?"

"ማንም። ዳርዊን አንድ ሰው አለኝ።"

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ የጀመርኩት ጌም የለም። ሰው ሁሉ ሥራ የሰለቸኝ ይመስለዋል። ናፍቀኸኝ ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም።

መሞከሪያዋን ሰሞኑን ይልኩልሃል። እሁድ ከምሳ በኋላ ክፈታት፤ እጠብቅሃለሁ። እምቢ ካልክ አውሮፕላን ተሳፍሬ እመጣለሁ። አንዴ ከመጣሁ ደግሞ ቶሎ እንደማልሄድ ሚስትህን ጠይቃት።

ጓደኛህ፣
ግዌን