አገዳው የጠራበት ፎቶ

…«አንድ ጊዜ ቀጥ በል» ስለው የጫማውን ክር እያሰረ ነበር፤ ቀና ብሎ የሆነ ነገር አለኝና፣ እኔም ሳቅሁና፣ ከዚያ… ትዝታው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይቋረጥብኛል። ደብዳቤ በሰላምታ እንጂ በዚህ እንደማይጀመር አውቃለሁ። ወረቀቱን ግን አልቀደድኩትም።

እታለም ወሰንየለሽ፣ ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ወገብሽስ? ሌሊት ያስነሳሽ የነበረው ሳል ለቀቀሽ? እህል በአፍሽ ይዞራል? እንቅልፍስ? ሙሚና ለእረፍት መጥታ እንደነገረችን፣ ጅዳ ያሉት የአገራችን ልጆች ዓርብ ቀን ተሰብስበው የወንድማችንን የደጀንን መርዶ ሲያረዱሽ አልጮኽሽም፤ ተነስተሽ ሰሃን ማጠብ ጀመርሽ አሉ። ያን ከሰማሁ ወዲህ ለአንቺ እፈራለሁ። እናንተስ ብትይ፣ ይመሻል ይነጋል። ከዚህ የበለጠ የምጽፈው የለኝም።

በሙሚና አፍ ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። የላክሽልኝ ካሜራ ደህና ነው ወይ፤ ወንድማችንንስ በእሱ አንስቼዋለሁ ወይ። ሁለቱ ጥያቄ አንድ ሆኖብኛል። ከካሜራው ልጀምር።

ካሜራው ደህና ነው። ርካሹን ነው የገዛሁት ብለሽ አትሳቀቂ። ፀሐይ ባለችበት ሰዓት በከተማው የሚስተካከለው የለም። ጎብዬ ሠርግ ላይ ያነሳኋት ሙሽራ ሹሩባዋ ዘለላ በዘለላ ይቆጠራል። ባትሪው ይበረክታል። አካሉ ፕላስቲክ ስለሆነ አንገቴን አይጎትተኝም። ሌንሱን አንድ ቀን ሜዳ ላይ ፈትቼው አቧራ ገባበት መሰለኝ፣ አሁን በማነሳው ሰማይ ሁሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች፤ ሰው አሞራ ናት ይላል፣ እኔም አላርመውም። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ሞልቼው ነበር። እሱ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ ሁለተኛው ወር ሃያ ስምንት ላይ ያልቅበታል፤ ጥቅምት ሃያ ዘጠኝን አያውቅም። ደጀን የሄደው ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ ነው። ካሜራው ኅዳር አንድ ይላል።

ችግሩ ሲመሽ ነው። ብርሃን ሲያንሰው ሌንሱ ወደፊት ወደኋላ እያለ ይፈልጋል፣ ይፈልጋል፣ ከዚያ የጠራ መስመር ያገኘ መስሎት አንድ ነገር ላይ ይቆማል። ሰው ይሁን እንጨት ግድ የለውም። ፎቶውም ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ወልድያ ላይ ፎቶ የሚያጥብልኝ ሙሉጌታ «ለጀማሪ የተሠራ ነው፣ ምን ትፈርድበታለህ» ይላል። አልፈርድበትም። እኔም ጀማሪ ነኝ።

ደጀን የተነሳው ሲመሽ ነው። ፍላሽ አታብራብኝ፣ ዓይኔን ያስነባኛል አለ። ጓሮ፣ የማሽላው አገዳ ከተከመረበት ፊት፣ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ቆመ። «አሁን ምኔን ታነሳለህ፣ አጥንቴን? ቆይ ጅዳ ደርሼ ልወፍርልህ» አለ። ካሜራውንም «ይህን መድፍ ሸጠን አብረን ብንሻገር ይሻለን ነበር» እያለ ሲያሾፍበት ነበር። አንዴ ብቻ ተጫንኩት። ከኋላው ባለችው ትንሽ ስክሪን ሳየው ደህና መሰለኝ። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ሳሰፋው የጠራው አገዳው ነው። የቅጠሉ ጅማት ይታያል፤ አንዲት ፌንጣ እንኳ አለች። ደጀን የለም። ማለቴ፣ አለ፤ ቁመቱ አለ፣ ቦርሳው አለ። ፊቱ ግን… በምን ልመስለው። መመሰሉን ተውኩት።

ልቅሶው ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው። አብሮት ጀልባው ላይ የነበረው የዋጃው ሙሀመድሰይድ ተመልሶ ያየውን ከነገረን ወዲህ የሚጠብቅ የለም። አስከሬን ስለሌለ ድንኳኑ መሐል የሚቆመው ፎቶው ነው። ባሕር የወሰዳቸውን ሁሉ እንዲህ ነው የምናለቅሳቸው፤ የብዙዎቹን ፎቶ አሳድጌ ያወጣሁት እኔው ነኝ። ልቅሶውን የሚያሰናዳው የቅሬው ዳኛ አያ ሞላም «ሴቶቹ ማንን እያዩ ያልቅሱ?» አሉኝ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ጊዜ የተነሳው ጉርድ ፎቶ አለ፤ አባባ ግን በእጁ እንኳ አልያዘውም። «የሞተብኝ ጎረምሳ ነው፤ ሕፃን ይዤ ሰው ፊት አልቆምም» አለ።

ስለዚህ የጓሮውን ፎቶ ይዤ ወልድያ ወጣሁ። ሙሉጌታ «ይቺ ምን አላት፣ አጠራልሃለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ዓይኑን ከጉርዱ ፎቶ ወሰደለት፣ ቅንድብ ሳለለት፣ ጢም አበቀለለት፣ ጉንጩን አለሰለሰው። በየመሐሉ «እንዲህ ነበር?» ይለኛል። መጀመሪያ አዎ እል ነበር። አፍንጫው ላይ ስንደርስ ጠፋብኝ። እታለም፣ የደጀን አፍንጫ እንደ አንቺ ነበር ወይስ እንደ አባባ? ከእሱ ጋር አንድ አልጋ ላይ ያደግሁት እኔ ነኝ የምጠይቅሽ። በመጨረሻ መልከ መልካም ሰው ወጣ። ፍሬም አስገብቼው መጣሁ።

ለአንቺ የምልከው ያልተነካውን ነው። ሙሚና በልብሷ መሐል ትይዝልሻለች። ክንድሽን ዘርግተሽ ራቅ አድርገሽ እዪው። ካወቅሽው ጻፊልኝ። ካላወቅሽውም ጻፊልኝ። ሌላ ሌንስ ልግዛልህ ያልሽውን ግን ተዪው። ጨለማ የሚችል ሌንስ አለ ይላሉ። ቢመጣም ማንን ላነሳበት ነው።

አባባ ግንባርሽን ይስማል። እምዬ «ትብላ፣ ሳትበላ አትተኛ በላት» ብላለች። ታናሻችን ራሔል ቀሚስሽ ልክ ሆኗታል፤ ለብሳው ትውላለች፣ እጅ ትነሳሻለች። ከራሔል ቀጥሎ የምጽፈውን ስም እጄ ጀምሮት ነበር፤ ሰርዤዋለሁ፣ ስርዙን አትመርምሪው። ያን ቀን አጠገብሽ ለነበሩት ልጆች ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን በይልኝ።

ወንድምሽ ይሁኔ
ቆቦ፣ ጥር 16 ቀን 2005 ዓ.ም.

ፖስታውን ሳላሽገው ይህን ልጨምር። አሁን እምዬ ምሳዬን ይዛ ስቱዲዮዬ መጥታ ነበር። ፍሬሙ ወንበሩ ላይ ቆሟል፤ ልሸፍነው ነበር፣ አልደረስኩም። ጠጋ ብላ፣ ደግሞ ራቅ ብላ አየችው። መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። «እንዴት ያለ ልጅ ነው» አለች። «የማን ነው? እናቱን አረዷት?» ከዚያ ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣችና በሩን ዘጋችው።