ሽብሩ ባሕር እስኪያይ

ሚያዝያ 6
ዛሬ ምንም አዲስ ነገር የለም። ልብስ አጥቤ አሰጣሁ፤ ከሰዓት ዝናቡ ቀደመኝና ግማሹ ራሰ።

ሱምያ ሱቅ ስኳር ልገዛ ገብቼ... «እትዬ ጣቢታ፣ ጋሽ ሽብሩን ምን አስቀየምኳቸው?» አለችኝ።

«ምነው?»

«እዚህ በር ላይ ቆሜ ሰላም ስላቸው ዝም ብለውኝ አለፉ። ሲያልፉኝ ሁለተኛቸው ነው።»

ሽብሩ? ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማረ ሰው፣ ከቦኖሻ እስከ ሆሳዕና ተማሪውን ሁሉ በስሙ እየጠራ ሰላም የሚል ባሌ? ሐሳብ ይዞት ይሆናል አልኳት። ጡረታ ሰውን እንዲህ ይለውጣል እንዴ?

ሚያዝያ 9
ሐዳሳ ከእንግሊዝ ደወለች። ወስናለች። በክረምት እንሄዳለን! የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነው። ባሏ አሞጽ ከሥራ ፈቃድ ወስዷል፣ የኬዝያም ትምህርት ቤት ይዘጋል። አንዱን ሳምንት ገጠር፣ ሁለተኛውን ባሕር ዳር። «ባሕር ዳር» ስትለኝ የጣናው መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ልጄ ሳቀችብኝ። ለካ ዴቨን የሚባል የእነሱ አገር ነው።

ሰባት ዓመት ሆነኝ ልጄን ካየኋት። ኬዝያንማ አንድም ቀን አቅፌያት አላውቅም። የልጅ ልጄ ስልክ ውስጥ ነው ያደገችው...

ሽብሩ «ሠላሳ አራት ዓመት ስለ ባሕር አስተማርኩ። የሳልኩት በጠመኔ ነው» አለ። ደስ ብሎታል። እኔ አውቀዋለሁ።

ሚያዝያ 17
ሐዳሳ የቤቶቹን ፎቶ ላከች። የገጠሩ ቤት በድንጋይ የተሠራ ነው፣ ዙሪያው ሣር። የባሕሩ ቤት ገደል አናት ላይ ነው። ሽብሩ ስልኩን አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያደረገ አየ።

«በጎቹን አየሃቸው?»

«የታሉ?»

«በስተግራ፣ ዳር ላይ።»

ስልኩን እንደገና ገፋ አደረገና «አዎ፣ አዎ» አለ። ብድግ ሲል ትከሻው ከበሩ ጋር ተጋጨ። እዚህ ቤት ሃያ ዓመት ኖረን በሩ ዛሬ ጠበበ?

ግንቦት 2
ለቪዛ አሻራ አዲስ አበባ ሄደን ተመለስን። ሽብሩ ደረጃ ላይ ቆመ። በእግሩ ጫፍ እየዳሰሰ ሲወርድ አየሁት። ስንመለስ ቡታጅራ ምሳ በልተን ውኃውን ሊያነሳ ሲል ደፋው።

«ምን ሆነሃል?»

«ደክሞኝ ነው።»



ግንቦት 5
ኮቱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ የዓይን ጠብታ አገኘሁ። ከጠብታው ጋር የሐኪም ቀጠሮ ወረቀት። የጥቅምት! ሰባት ወር ሙሉ...

ፊቱ አስቀመጥኩለት። አልካደም።

ግላኮማ ይባላል። የዓይን ግፊት። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታ ማቆየት ይቻላል ብሎታል። «ፊት ለፊቴን አያለሁ» አለኝ። «በቱቦ እንደማየት ነው። ጎንና ጎኑ የለም። አንቺም አጠገቤ ስትቀመጪ የለሽም።»

አልቅሼ ሲወጣልኝ «ለምን ደበቅከኝ?» አልኩት።

«ሐዳሳ ነርስ ናት። ከሰማች ጉዞውን ሰርዛ ከሐኪም ወደ ሐኪም ስታዞረኝ ነው የምትከርመው። እኔ ልጆቼን ልጠይቅ ነው እንጂ በሽተኛ ሆኜ ልሄድ አልፈልግም። እዚያ እስክንደርስ ለማንም አልናገርም በዪኝ።»

አልናገርም አልኩት።

ግንቦት 6
ቃል ሰጠሁ። አጠፋሁ ይሆን?

ግንቦት 15
ሐዳሳ ዛሬ በደስታ ፈጥና ፈጥና ታወራለች። ከባሕሩ ቤት ጀርባ የእግር መንገድ አለ፣ ቀጭን፣ በገደሉ ጫፍ ጫፍ የሚሄድ። «አባዬ እኮ ጎበዝ ተጓዥ ነው! አንጋጫ ሲያስተምር በእግሩ ይመጣ አልነበር?» ሽብሩም «አዎ፣ እንሄዳለን» ይላታል። ደግሞ ይስቃል!

በአንድ ጎን ገደል። እሱ ደግሞ ጎን የለውም።

ግንቦት 16
ነገርኳት።

የሱምያን ጓዳ ለምኜ ከዚያ ደወልኩ። ሐዳሳ «እማዬ፣ ጠብታውን በሰዓቱ ያደርጋል?» አለችኝ። አላውቅም። አብሬው እየኖርኩ አላውቅም! አፈርኩ።

ስወጣ ሱምያ ዓይኔን አየች። ስልኬን ተቀብላ ቻርጅ ላይ ሰካችልኝና ወንበር ሰጠችኝ።

ግንቦት 17
እንደነገርኳት ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ጫማውን አድርጎ ወጣ።

ግንቦት 18
አላናገረኝም።

ግንቦት 19
ዛሬም። ምሳውን በልቷል። ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ተቀምጠን መዝሙሩን ለየብቻ ዘመርን። ግን ባልነግራትና እዚያ ገደል ላይ... አይ። ይኩረፍ። ከምቀብረው ቢያኮርፈኝ ይሻለኛል።

ግንቦት 20
ሐዳሳ የደወለችው ለእሱ ነው። እኔ ኩሽና ነኝ፣ ጆሮዬ ግን ሳሎን፤ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎታል።

«አባዬ፣ ጉዞው አልተሰረዘም። ቤቱን ነው የቀየርኩት። ገደሉን ተውነው። አዲሱ ቤት ሜዳ ላይ ነው፣ የባሕሩ መንገድ መደገፊያ ብረት አለው። መስኮቱን ስትከፍት ሞገዱ ይሰማል።»

ቀጠለች፦

«ከአሥራ አራቱ ቀን አንዷን ለዓይን ሐኪም ስጠኝ። ሌላው ሁሉ ያንተ ነው።»

«የመጀመሪያዋን ቀን ግን አልሰጥም» አለ።

«የመጀመሪያዋን ምን ልታደርግባት?»

«ኬዝያን ላያት ነዋ!»

ልጄ እየሳቀች ነው እያለቀሰች አልለየሁም። እሷ ስትዘጋ ጠራኝ። ከሦስት ቀን በኋላ መጀመሪያ የተናገረኝ ቃል፦ «ጠብታው የታለ? ሰዓቱ ደርሷል።»

ራሱን ጭኔ ላይ አስደገፍኩት። የመጀመሪያው ጠብታ ጉንጩ ላይ ወደቀ። «ዓይኔ ከፍ ይላል» አለኝ። ሳቅን። ከዚያ በሃዲይኛ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም ጠየቅኩት።

ሰኔ 3
ጠብታውን አንድም ቀን አልዘለልንም። አሁን እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ ሰዓት የማየው።

ሰኔ 19
ቪዛው መጣ። የሁለታችንም! ሱምያ እልል አለች፣ ሱቋ ውስጥ የነበሩት ገበያተኞች ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው እልል አሉ።

ሽብሩ ከእኔ ጋር ነበር። ሰው ሁሉ ፊት «ሱምያ፣ ኩራት መስሎሽ ተቀይመሽኝ ነበር አሉ። በጎኔ ያለውን አላይም። ዓይኔ ታሟል» አላት። ሱምያ ከባንኮኒው ዞራ መጣችና ፊት ለፊቱ ቆመች። «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ከፊት እመጣለሁ» አለችው።

ሐምሌ 12
ሻንጣ... ቅቤ ወደ እንግሊዝ አይገባም አለች ሐዳሳ። ሥጋም ወተትም አይገባም። ታዲያ አተካናው፣ ያ የቡላና የቅቤ ገንፎ፣ በምን ይሠራ? ቡላውን ይዣለሁ፣ ቅቤውን እዚያው ታፈላልግ። ደግሞ በጋ ነው ብላ ሹራብ ያዙ ትላለች። ሹራብ የሚያስይዝ በጋ ምን ዓይነት በጋ ነው?

ሽብሩ ሦስት ጠብታ በሦስት ቦታ ደበቀ፤ ከእኔ ሳይሆን ከሌባ ነው ይላል።

ሐምሌ 27፣ ዴቨን
የገጠሩ ሳምንት አለቀ፣ አንድ ቃል ሳልጽፍ። በግ፣ ሣር፣ ዝናብ፣ ኬዝያ። የመጀመሪያዋን ቀን ሽብሩ እሷን ከማየት ሌላ ምንም አልሠራም። ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊቱ አቆማት፣ ከፀጉሯ ጀምሮ እስከ ጫማዋ አያት። ልጅቱ ሰልችቷት «ጨረስክ?» አለችው። «ገና ነኝ» አላት።

ዛሬ ጠዋት ወደ ባሕሩ ወረድን። አምስታችንም። አሸዋ የለውም፣ ድቡልቡል ድንጋይ ነው፣ ይንሸራተታል። ነፋሱ ሻሼን ሊወስድ ደረሰ። እኔ ምን አየሁ? መጨረሻ የሌለው ግራጫ ነገር አየሁና ፈራሁ።

ሽብሩ ቆመ። አንገቱን ወደ ግራ መልሶ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ወደ ቀኝ አዞረ። ባሕሩን በጠባቧ ቀዳዳው ቁራጭ በቁራጭ እያየ ነው። ጊዜ ወሰደ።

ጨርሶ «ትልቅ ነው» አለ። «ለልጆቹ አሳንሼ ነው ያስተማርኩት።»

ሐዳሳ ፊቷን አዞረች። ጠራትና በዚያው ዓይኑ ከግንባሯ እስከ አገጯ አያት። «ወፍረሻል» አላት። «አባዬ!» አለች እያለቀሰች።

አሞጽ ውኃው ጫፍ ድረስ እንውረድ አለ። ድንጋዩ ቁልቁል ነው። ሐዳሳ ልትይዘው ፈጥና መጣች፣ አሞጽም በሌላው በኩል እጁን ዘረጋ። ሽብሩ ሁለቱንም አመስግኖ መለሳቸው። ልቤ ደነገጠ፣ ብቻዬን ልውረድ ሊል ነው ብዬ...

ወደ እኔ ዞረና ሁሉም እየሰሙ «ጣቢታ፣ ክንድሽን ስጪኝ» አለኝ።

ሰጠሁት። ወረድን።